የመጨረሻዋ ቧንቧ

ግቢ፣ ግቢ እህቴ፣ በር ላይ አትቁሚ። ቀሚሱን ልታስተኩሺ ነው? አምጪው፣ ካውያው እስኪግል አረፍ በይ። ደግሞ የዛሬው ዳመና! አንቺስ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ሰማዩ ቢጠቁርም ቢጠራም መኪናሽ አይቆምም። እንደ እኔ ያለች አጣቢ ናት እንጂ ጠዋት በር ከፍታ ቀና የምትለው። ልጆችስ ደህና ናቸው? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እሰይ።

እዚያ አትቀመጪ፣ ወደዚህ ነይ። አግዳሚው ላይ የልጄ ባል ተቀምጧል። ሸሚዙ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው። አይዞሽ፣ አይሰማንም፤ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ቢሰማስ? ስለ እሱ መቼ አወራን...

እንዲያውም እሱን እንዳልናገር ልጄ አስምላኛለች። «እማዬ፣ ስለ ውሃ አንዲት ቃል ለእሱ እንዳትተነፍሺ፣ ትዳሬን እንዳትበጠብጪ» አለችኝ፣ ያን የሚያህል ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ። ነፍሰ ጡር እንዴት እምቢ ይባላል? ማልኩ። የማልኩትን የማፈርስ ሴት አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ። ለአንቺ ግን አልማልኩም... ስለዚህ ስለ ሌላ ሰው ላጫውትሽ። ሌላ ሰው ነው፣ እሺ? እሱም የከተማው ውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው። እሱም ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። ነገር ሲገጥም ይገጥማል፣ ምን ይደረግ!

ሰው ነው እንዳልልሽ ያንስበታል። የተማረ፣ ረጋ ያለ፣ ምራቁን የዋጠ። ምራቁን ነዋ... የእኛን ቧንቧማ ሲውጥ ያየው የለም። ወደዚህ ሰፈር ሲመጣ የላስቲክ ውሃውን በብብቱ ይዞ ነው። ሰው ማስቸገር አይወድማ! ብርጭቆ ሞልተሽ ብታቀርቢለት «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይልሻል። ሁልጊዜ አሁን ጠጥቶ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለ ጥም የማያውቀው ፍጡር አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሥራውን ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ከእሱ በፊት የነበረውን ሽማግሌ ታስታውሺዋለሽ? ኮፍያው ከራሱ የማይወርደውን፣ ቆቡ የምንለውን። ቆቡ ናሙና የሚቀዳው ከዚችው ከእኔ ቧንቧ ነበር። «ምነው፣ ከተማ ሙሉ ቧንቧ እያለ እኔ ላይ ምን አየህ?» ብዬው ነበር። ሳቀና «አንቺ እኮ የመስመሩ መጨረሻ ነሽ» አለኝ። ደንቡ ከመጨረሻዋ ቧንቧ ቅዱ ይላል አሉ። ለምን ቢባል፣ ውሃው ከኮረብታው ታንከር ሲነሳ ንጹህ ነው፤ መንገድ ላይ የዛገ ቢኖር፣ የተሰነጠቀ ቢኖር፣ ጉዱ ተሰብስቦ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። እና ቆቡ ይመጣል፣ ይቀዳል፣ ሲደፈርስ ለአለቆቹ ይናገራል፣ እየተነጫነጩም ቢሆን ሰው ልከው ያስጠግናሉ። እንዲህ ሆነን ኖርን። ኋላ ቀር አሠራር ነበር፣ ምን ታደርጊዋለሽ!

ቆቡ ጡረታ ወጣና አዲሱ መጣ። ማለቴ... ያ ሌላው ሰውዬ። መጀመሪያ እሱም ከእኔ ቀዳ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያየው ሻይ የቀዳሁለት መስሎት ክው አለ። ያ ናሙና ወደቀ። አለቆቹ ጠርተው ተቆጡት። ይሄኔ አንድ ተራ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? አስፋልት ያስቆፍራል፣ መንገድ ያዘጋል፣ ያረጀውን ቧንቧ አውጡ ብሎ ሕዝቡን አቧራ ያስበላል። እሱ ግን ለሰው አሳቢ ነው! አንዲት ድንጋይ ሳያስነሳ የመጨረሻዋን ቧንቧ ወደ ላይ ወሰዳት።

እንዴት አትይኝም? ደንቡ «የመጨረሻዋ» አለ እንጂ ከየት በኩል ሲቆጠር መቼ አለ? ከታች ከእኛ ጀምረሽ ወደ ላይ ቁጠሪያታ። መጨረሻ ላይ የምታገኚያት ማን ናት? ታንከሩ ሥር ያለችው! ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠብባት። አሁን የሚቀዳው ከእሷ ነው። መሐንዲስ ሁሉ ቧንቧ ሲቀይር ዕድሜውን ይፈጃል፣ እሱ የከተማውን መጨረሻ ቀየረው። እኛም ይኸው ጭራ መሆናችን ቀርቶ መጀመሪያ ሆንን። ዕድሜ ለእሱ!

ከዚያ ወዲህ አንድ ናሙና ወድቆ አያውቅም። ሬዲዮውን ሰምተሽ የለ? የከተማችን ውሃ እስከ መጨረሻው ቧንቧ ድረስ ንጹህ ነው ሲል እኔ ባልዲ ውስጥ እጄን ነክሬ ነበር። ጣቶቼን ብፈልግ አይታዩም። ወይ ጉድ፣ ለካ ዓይኔ ደክሟል አልኩ።

የዋናዋ አዋላጅም ዓይን ደክሞ መሆን አለበት። የማዋለጃ ክሊኒኩ አንሶላ የእኔም፣ የነዚያ ልብስ የሚተኩሱልኝ የሁለቱ ሴቶችም መተዳደሪያ ነው። ነጭ ነው፣ አይዋሽም። ለእሱ ብዬ ከላይ ሰፈር በጀሪካን አስቀዳለሁ፣ በርሜል ውስጥ አስተኛለሁ፣ በጨርቅ አጠላለሁ። ባለፈው ጋሪው ተሰበረና በቧንቧው አጠብኩት። አዋላጇ ዘርግታ አየችው። ጨዋ ሴት ናት፣ አልተሳደበችም። «እዚህ ላይ የሚወለድ ሕፃን ተመልሼ ልግባ እንዳይል» ብቻ አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ከተደገመ ወደ ሌላ አጣቢ እንወስዳለን አለች። እኔም «ሕፃኑንስ በምን ታጥቡታላችሁ?» አልኳት። አንሶላውን አጣጥፋ መለሰችልኝ። የእነሱ ቧንቧ ከእኔ አንድ አጥር ከፍ ቢል ነው። ያን ቀን አለቀስኩ፣ ከአንቺ አልደብቅም። ተናድጄም ፈርቼም አለቀስኩ።

ያ ሌላው ሰውዬ ግን አያስለቅስም። ሚስቱን ላይ ሰፈር፣ ታንከሩ አጠገብ ካለው ክሊኒክ አስመዝግቧታል። ቅርብ ያለውን ትቶ፣ ያን ዳገት! ምን ያህል ቢወዳት ነው? ስለ ውሃው ምንም ሳያውቅ እንዲሁ ልቡ ነግሮት ይሆናል...

ይኸው ዛሬ ማታ ሊሸለም ነው አሉ። አዳራሽ፣ መድረክ፣ ከንቲባው፣ ካሜራው። የልጄም ባል ዛሬ ማታ የሆነ ዝግጅት አለው። እዪልኝ ግጥምጥሞሹን! ሸሚዞቹን የሚያሳጥበው ላይ ሰፈር ነበር፣ እኔን ላለማድከም ብሎ። አልቀየምኩም። ዛሬ ያ ማጠቢያ ቤት ተዘግቶ ጠበቀው፣ ምሳ ላይ ደግሞ ሾርባ ደረቱ ላይ ፈሰሰበት። እየሮጠ መጣና «እማማ፣ ድረሽልኝ» አለኝ። እማማ ብሎኝ አያውቅም እኮ! አንጀቴን በላው።

እና አጠብኩለት። በርሜሉ ውስጥ የተጠለለ ውሃ ነበር፣ አልዋሽሽም። እጄም ወደዚያ ሄዶ ነበር። ከዚያ... እንዴ፣ አልኩ። ከተማው የመሰከረለት ውሃ ከቧንቧዬ እየወረደ እኔ ማን ነኝና ደግሜ የማጠል? የሰውን ሙያ መናቅ አይሆንም? ያውም በሽልማት ቀን! ከቧንቧው አጠብኩት። አለቀለቅኩት። ደግሜም ነከርኩት። አልጠግብ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ነከርኩት።

የሾርባው ነጠብጣብ? እሱማ ድራሹ ጠፋ! አሁን የቱ ጋ እንደነበር ባለቤቱም አያገኘው፤ ሸሚዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ከመጋረጃው ጀርባ ሰቅዬዋለሁ፣ ገለጥ አድርገሽ እዪው። ምን ትዪዋለሽ? ክሬም? እኔ ሻይ ቢጤ ነው ያልኩት፣ የጠዋቱን። ዳመናው ይሆናል እንጂ... መብራት ሲበራበት ያምራል። ሌላ ልግዛ እንዳይል ሰዓቱ ደርሷል። ምን ቸገረው? ሽልማቱን በእጁ፣ ሥራውን በደረቱ ይዞ ቢቆም የሚያኮራ ነው እንጂ የሚያሳፍር ምን አለበት?

ውይ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተው እኮ። አትደንግጪ አንቺ ደግሞ! ስም ጠራሁ? አልጠራሁም። ለልጄ የማልኩት መሐላ ንክች አላለም። ይኸው ካውያውም ጋለ። ቀሚስሽ ትንሽ ይቆይ፣ ሰውዬውን ቀድሜ ላሰናብት። አንገትጌውን ቀጥ፣ እጅጌውን ቀጥ... ልጄ ባልሽ በእናትሽ እጅ ተጨማዶ ወጣ እንዳትባል።

እኔ ክፋት የለብኝም፣ እህቴ። ያ ሌላው ሰውዬ ነገ ጠዋት ያችን ጠርሙሱን ይዞ ቢመጣ በሬ ክፍት ነው። ቧንቧዬም የትም አልሄደችም፣ ቆቡ ትቷት የሄደው ቦታ ቆማለች። መጨረሻነቴን ቢመልስልኝ እጁን ስሜ እቀበለዋለሁ፤ ሌላ የምለምነው የለኝም። አንሶላዬ ይንጣልኝ፣ እነዚያ ሕፃናት በደህና ውሃ ይታጠቡልኝ፣ በቃኝ።

በይ አሁን ሳይወጣ አብረን እንመርቀው። ይሄንንም፣ ያንንም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። አንቺ አሜን በይ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። እግዜር ዛሬ ማታ መድረኩን ያስፋለት። ጭብጨባውን ያብዛለት። አሜን በይ እንጂ! ሚስቱን በሰላም ይገላግላት። ልጁም አድጎ፣ አባቴ ምን ሠራ ብሎ ሲጠይቅ የሚያሳየው አይጣ። እና ስሙን... የኔ ጌታ፣ በሄደበት ሁሉ ስሙን፣ ልክ እንደዚህ ሸሚዝ ያንጣለት።