ከነጋዴው ላይ የተነጠቀችው መኪና

ከሀብተ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት ጎኑ የተቀመጡትን ሰው አወቃቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ጨረታው ላይ ነጯን መኪና የወሰድኩብዎት እኔ ነኝ!»

«አንተ ነህ እንዴ! እጅህ አልወርድ ያለው! ለመሆኑ ሥሯ ገብተህ አይተሃታል?»

«ኧረ አላየሁም። የሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው ሲሉኝ፣ እርስዎ የሚጫረቱባት መኪና መጥፎ አትሆንም ብዬ ነው የጨመርኩት።»

«እኔ እኮ በሮቿንና መብራቷን ፈትቼ ልሸጥ ነው የፈለግኳት! ካምቢዮ የላትም!»

«ይቀልዳሉ!»

«አንተ ትሙት!»

«ጋሼ፣ ነገ ባለቤቴን ከነልጃችን ከሆስፒታል ላመጣባት ነበር!»

«ወለደች? እንኳን ማርያም ማረቻት! በል ተነስ፣ የሚገጥማት ካምቢዮ ሱቄ አለ። ዛሬውኑ እናስገጥማታለን!»

«ወራጅ አለ!»

ተያይዘው ሲሮጡ በመስኮት እያየሁ የራሴን መውረጃ አለፍኩ።