የዳክዬዋ መንታ

ነይ ሎርና፣ እዚህ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። እዚያ በሩ ሥር ነፋሱ አንገትሽን ይይዝሻል። ትናንትማ የጎረቤቴን የታጠበ ልብስ ከነገመዱ ነቅሎ ባሕር ውስጥ ሊከተው ነበር እኮ። የሰውዬው የውስጥ ሱሪ የጎልፍ ሜዳችን የአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ባንዲራ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። የክለባችን ሊቀመንበር አዲስ ባንዲራ የወጣ መስሎት ቆቡን አንስቶ ሰላም አለ አሉ… ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው።

የስኮን ዳቦውን ቅመሺ እንጂ፣ ትኩስ ነው። ቅቤም ጨምሪበት። ባልሽ ደህና ነው? መኪና ውስጥ ነው አይደል፣ ከዚህ ይታየኛል። ተይው፣ ይረፍ። አባል ለመሆን አሥራ አንድ ዓመት ወረፋ የጠበቀ ሰው አንድ ሰዓት አያቅተውም። ኮቱም ደርሶለታል አሉ፣ የክለባችን አርማ የተሰፋበት… ገና የመዝገቡ ገጽ በፊርማ ሳይሞላ? እምነት ማለት ይሄ ነው። የግላስጎ ቤታችሁን ሸጣችሁ እዚህ ሜዳው ፊት ለፊት መግዛታችሁንም ሰምቻለሁ። መጋረጃችሁ ያምራል።

ብዕር ይዘሽ መምጣትሽን አይቻለሁ። አስቀምጪው፣ የትም አይሄድም። መዝገቡም አዳራሹ ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። በባልሽ ገጽ ላይ ዘጠኝ አባላት ፈርመዋል፣ አንድ ፊርማ ቀርቷል፣ ያቺም የኔ ናት፤ ገጹ የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አንቺ ለቤቱ አዲስ ስለሆንሽ ነው እንጂ፣ እዚህ ማንም ሰው እምቢ ተብሎ አያውቅም። በሁለት መቶ ዓመት አንድም ሰው። ብዕር ይጠፋል እንጂ። አንዱ መነጽሩን ቤት ይረሳል፣ አንዱ እጁን ይቆረጥመዋል… ሰዓቱ ይደወላል፣ ገጹ ይዘጋል፣ ሰውዬው ዳግመኛ አይመጣም። ክፉ ቃል የለ፣ ኩርፊያ የለ። ደጎች ነን።

ይልቅ እስኪደወል ድረስ የአንድ ሰው ነገር ላጫውትሽ። ባልሽን አላልኩም። ባልሽን እኔ የት አውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን አብሬው ተጫወትኩ እንጂ። ይሄኛው ሌላ ነው። ብታውቂውም እንዳላወቅሽው ሁኚልኝ።

ምን ያለ ዓይን አለው መሰለሽ! ማክሰኞ ዕለት በአሮጌው ሜዳ ላይ ተፈተነልን። ፈተናችንን ታውቂዋለሽ፣ ሁለት ለሁለት ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ኳስ፣ አንዴ እሱ አንዴ እኔ እየመታን። እኔና እሱ በአንድ ወገን፣ ሊቀመንበሩና ሐኪሙ በሌላ። ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ተራው የሱ ነበረና መታ… እንዴት ያለ ምት ነው! ኳሷ በቀጥታ እዚያ ቢጫ አበባ ያለው የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እዚያ የገባ በግ እንኳ የሚወጣው ፀጉሩን ከፍሎ ነው። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ብቻውን ዞር ዞር አለና፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ «አገኘኋት» አለ። የት? ከእሾሁ ወዲህ፣ ገላጣው ሣር ላይ፣ ትራስ ላይ እንደተቀመጠች። አስቢው እስቲ… እኔ ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ወገቤ አይታጠፍም፣ ከእሾህ ውስጥ ልመታ ነበር። ዛሬ ለአሮጊት እንዲህ የሚያስብ ሰው የት ይገኛል?

መታኋት። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። አሸነፍን። የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል፤ ሊቀመንበሩ በሊጥ የተጋገረ ሥጋ አስመጣልን፣ እኔም ጠርዙ ሳይቀረኝ በላሁ። እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ውሻዬን፣ ማኪን ታውቂው የለ? እሱ ክለብ አያውቅ፣ ይሉኝታ አያውቅ። ከኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ገና ሥጋውን ሳንጨርስ አፍንጫውን እሾህ ቧጭሮት መጣና፣ በአፉ የያዛትን ኳስ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። በሁላችንም ፊት።

ኳሷ ላይ ምን ተስሏል መሰለሽ? አረንጓዴ ዳክዬ። ቀይ ቆብ ያደረገች። የዚያ ሰው ሚስት ናት አሉ፣ ኳሱ ከሰው ኳስ እንዳይምታታበት በየአንዳንዱ ላይ የምትስልለት። እንዴት ያለ እጅ ነው ሎርና! ላባዋ ይቆጠራል። አመሻሽቶ መጥቶ «እስቲ አንድ ደርዘን ጨምሪልኝ» ሲላት አንገቷን ደፍታ ስትስል ታየችኝ። ግን ያሸነፍንባት ኳስ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አወጣኋት። እሷም ላይ አረንጓዴ ዳክዬ፣ ቀይ ቆብ። አንዷ ከእሾህ ውስጥ የመጣች፣ አንዷ ሣር ላይ የተገኘች። ዳክዬ በሁለት ደቂቃ ትወልዳለች እንዴ? አንቺ ያደግሽው እርሻ ላይ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ሊቀመንበሩ ሁለቱንም አየና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ሐኪሙ ጨው አቀብሉኝ አለ። ያ የተባረከ ሰው ግን የማኪን ራስ አሻሸና፣ «ጎበዝ ውሻ፣ ድሮ የጠፋብኝን ኳስ አገኘልኝ» አለ። ፈጣን ጭንቅላት እኮ ነው! በዚያው ጠዋት እንባ በዓይኑ ሞልቶ፣ «ይህን ሜዳ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው» ያለንም ራሱ ነበር። ድሮም ቶሎ ቶሎ ይመጣል ማለት ነው… ለአንዳንዱ ሰው።

የኔ አርቺ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞኝ ነበር። በተፈተነበት ቀን ሊመታ ሲል ኳሷ የሣር ቅጠል ያህል ተነቃነቀች። ማንም አላየም፤ እኔ ሚስቱ ከአጠገቡ ቆሜ አላየሁም። «ነክቻታለሁ» ብሎ በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት ቆጠረ፣ በዚያችው አንድ ምት ተሸነፈ። ምን ያለውን ጅል አገባሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። በማግስቱ መዝገቡን ስናይ ገጹ ላይ ቦታ ጠፍቶ በዳር በዳሩ ፈርመውለታል። ይናፍቀኛል ሎርና። እንደሱ ያለ ሞኝ ዳግመኛ አላገኘሁም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልሽም። ያቺን ኳስ የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሥጋውንም የበላሁ እኔ ነኝ። ረቡዕ ሄጄ ድሉን ለሊቀመንበሩ መለስኩለት። ምሳውን ግን መመለስ አልተቻለም።

ሻይሽ ቀዘቀዘ። ልድገምልሽ?

ባለፈው በጋ ወንዙ ማዶ ባለው የሕዝብ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትጫወት ያየኋት አንዲት ሴት ነበረች። ኳሷ ጥንቸል ጉድጓድ ገባች። ግራ ቀኟን ሳታይ አወጣቻትና፣ የማይገባትን አንድ ምት በራሷ ላይ ጻፈች። ቆጠራውን ተሳስታለች፤ ደንቡ ለጥንቸል ጉድጓድ አያስቀጣም። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አርቺን ያየሁ መሰለኝ።

እና ምን መሰለሽ… ደንባችን ላይ ማንም የማያነባት አንዲት አሮጌ መስመር አለች። ወረፋው የቤት ነው እንጂ የሰው አይደለም ትላለች። የአንድ ቤት ገጽ ሳይሞላ ሊዘጋ ሲል፣ ከዚያው ቤት ሌላ ስም ማስገባት ይቻላል፣ እስከ ስድስት ሰዓት። ዛሬ ጠዋት አዲስ ገጽ አስከፈትኩ። ሎርና ብዬ በጉልህ ጻፍኩ። ዘጠኙም ሰዎች መጥተው አዲሱም ላይ ፈርመዋል፤ የማንም መነጽር አልጠፋም፣ የሐኪሙ እጅ እንኳ አልቆረጠመውም። አሥረኛዋ እኔ ነኝ። አንቺ ከታች እሺ ብለሽ ከፈረምሽ አለቀ። ብዕር ይዘሽ መምጣትሽ እንዴት ጥሩ ሆነ።

ባልሽ? ባልሽማ በደስታ ይመጣል እንጂ፣ እንግዳሽ ሆኖ። አሮጌው ሜዳ ለእንግዳ አይሆንም፣ አዲሱም አይሆንም፣ አዲስ ይባል እንጂ የተሠራው የአያቴ አባት በጡጦ እያሉ ነው። ትንሹ ሜዳ ግን ሐሙስ ሐሙስ ለእንግዳ ክፍት ነው፣ አባል አብሮት ካለ። ኮቱን አይለብስም እንጂ… አርማውን መፍታት ቀላል ነው፣ ክሩ አንድ ነው። ደግሞ ደንቡ ለእንግዳ ያዝናል፤ ኳስ ሲጠፋ የሚፈልገው አባሉ ነው፣ እንግዳው ካለበት ሳይነቃነቅ ቆሞ ይጠብቃል።

ተነሺ፣ ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ይህችን ዳክዬ በሶፍት ጠቅልዬልሻለሁ፣ ከእሾሁ የወጣችውን። ያንን ያልኩሽን ሰው መንገድ ላይ ካገኘሽው ስጪልኝ፤ ካላገኘሽውም መኪናው መስኮት ላይ አስቀምጪለት። በርቺ የኔ ልጅ፣ ፊርማ ብቻ ነው።

ለሱም ክፉ አልመኝለትም። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ዛሬ የጠፋበትንም፣ ነገም የሚጠፋበትን ሁሉ፣ እግዚአብሔር እግሩ ሥር ያስገኝለት… እንደለመደው፣ ጎንበስ ሳይል።