ሦስት አዳዲስ ሯጮች

ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በሚሄደው ባቡር፣ ከኋላዬ ሁለት የማይተዋወቁ ሐበሾች ተቀምጠዋል፤ አንዱ የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮፍያ ያደረገ ወጣት፣ ሌላው ሽማግሌ።

«ኮፍያህ የልጄ ኮሌጅ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እውነት ጋሼ? ዘንድሮማ ማን ይችለናል! ኳስ ይዘው የሚሮጡ ሦስት ልጆች አስፈርመናል። አንዱማ ሰው አይደለም፣ መኪና ነው!»

«የእኔም ልጅ እኮ ሯጭ ነው። አምና ጉልበቱን ተጎድቶ ነው እንጂ።»

«አይ! አሁን ተሻለው?»

«እየተሻለው ነው። ቆይ፣ ሦስት ሯጭ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አሰልጣኙ አዲስ ነዋ። የራሱን ልጆች ያመጣል፤ የድሮዎቹን ወደ ሌላ ኮሌጅ ትራንስፈር አድርጉ ይላቸዋል።»

«የእኔን አይነካውም። ስኮላርሺፑ እስኪመረቅ ነው፤ እኔው ነኝ የፈረምኩለት።»

«በየዓመቱ የሚታደስም አለ እኮ ጋሼ። ወረቀቱን አንብበውታል?»

«ልጄ አነበበልኝ። ‹አባባ፣ እስክመረቅ ነው› አለኝ።»

በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ሳየው፣ ወጣቱ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ምነው ኮፍያህን አወለቅህ? አሁን ማን ይችለናል ስትል አልነበር?»

እስከ አርባ ዓመቴ ስፈርምበት የኖርኩትን አውራ ጣቴን በጡጫዬ ውስጥ ደበቅሁት።