ከሰሌዳው ላይ የጎደለችው መስታወት

ዛሬ በመንደራችን በስቫርታቪክ ቤተ ክርስቲያን ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው የአቶ ኦድጌር ሃልሶን የሕይወት ታሪክ ይህ ነው። የምታነበው ባለቤታቸው ስቫንዲስ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ «እኔ» ማለት ስለሚያሳፍራት ስለ ራሷም እንደ ሌላ ሰው ትናገራለችና ታገሷት።

አቶ ኦድጌር ከአባታቸው ከአቶ ሃሉርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቫልጌርዱር እ.ኤ.አ. በ1948፣ በመስከረም፣ በጎች ከተራራ በሚወርዱበት ሰሞን ተወለዱ። እናታቸው ሲናገሩ እንደ ተሰማው፣ ሕፃኑ ኦድጌር ሣር በበቀለበት የበጎች ቤት ጣሪያ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ደመናውን ሲያዩ ይውሉ ነበር፤ ከብዙ ማየት የተነሣም ደመናው ቆሞ ቤቱ የሚሄድ ስለሚመስላቸው፣ ለእራት ሲጠሩ «ገና አልደረስንም!» ብለው ይመልሱ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ የሞተር ጥገና ሙያን ደግሞ በአኩሬይሪ ከተማ ተምረው፣ በወደባችን የጥገና ቤት ለአርባ ዓመት የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችን ሞተር ሲያክሙ ኖሩ። የሞተርን ሕመም ከወደቡ ማዶ ሆነው በድምፁ ይለዩ ነበር።

በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በደቡብ በአንድ የድርቆሽ ጎተራ ውስጥ ክንፎቿ ተነቅለው የተጣለች፣ ጨርቅ የለበሰች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አገኙ። በጭነት መኪና አምጥተው ሁለት ክረምት ሙሉ ጨርቋን ሰፉ፣ ቀለም ቀቡ፣ ሞተሯን ቡሎን በቡሎን ፈትተው ገጠሙ፤ ጸደይን ይዛ በምትመጣው ወፍ ስምም ሎዋ አሏት። መጀመሪያ በተነሣች ዕለት ባሕረ ሰላጤው ላይ አንድ ዙር ብቻ ዞረው ወረዱና፣ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ «ቤቱ ሄደ» አሉ።

ሎዋ በምታድርበት ሃንጋር ግድግዳ ላይ ነጭ የዕቃ ሰሌዳ ነበር፤ በእያንዳንዱ መፍቻ፣ በእያንዳንዱ ጉጠት ዙሪያ ቅርጹ በቀይ ቀለም ተሥሏል። ሕጋቸውም አንድ ነበር፦ በሰሌዳው ላይ አንድ ባዶ ቅርጽ ከታየ ሎዋ አትነሣም። የጠፋው ዕቃ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ በአየር ላይ የመሪ ገመዶቿን ሊይዝ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ1984 ጸደይ ኖርዌይ ሥራ አገኙ፤ ሎዋን እያበረሩ በባሕሩ መካከል ባሉት በፋሮ ደሴቶች በኩል ሊሄዱና ኖርዌይ ሊቀሩ ቆረጡ። ለባሕሩ መንገድ ተጨማሪ የነዳጅ በርሜል፣ በአየር የሚነፋ ጀልባ፣ የባሕር ቅዝቃዜ የማያስገባ ብርቱካናማ ልብስ፣ አዲስ ሬዲዮም ገዙላት። የዕቃው ሁሉ ክብደት ተጽፎ ከሎዋ መዝገብ ጋር መያያዝ ነበረበት፤ የእሳቸው ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረው ይመስል ስለ ነበር፣ ጽሕፈቷ ያምራል የተባለችውን የመንደሩን መምህርት ስቫንዲስን ለመኗት። እሷም ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ ሄደች። እሳቸው እየመዘኑ ይናገራሉ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ጀልባው አሥራ አራት ኪሎ፣ ልብሱ አራት ኪሎ፤ እሷም ሰውየው ከአገር ሲወጡ በኪሎ በኪሎ የምትጽፍ መሰላት።

በሦስተኛው ቀን፣ እሳቸው ሚዛኑን ሊመልሱ ሲወጡ፣ ስቫንዲስ ከሰሌዳው ላይ አንዲት ትንሽ መስታወት አነሣች። እንደ ጥርስ ሐኪም መስታወት በቀጭን ዘንግ ጫፍ የተሰካች፣ ከሞተር ጀርባ ለማየት የምታገለግል መስታወት ናት። በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደበቀቻት። ሳታስበው ወሰደቻት ብትል ውሸት ይሆናል፤ ሕጉን እያወቀች፣ አንድ ቀን ብቻ ቢዘገዩልኝ ብላ ወሰደቻት።

በማግስቱ አቶ ኦድጌር ባዶውን ቅርጽ አዩ። የሎዋን ወለል አነሡ፣ ወንበሮቹን ነቀሉ፣ የጅራቷን መክደኛ ከፈቱ፤ በመጨረሻም በእጃቸው የሰፉትን ጨርቅ በምላጭ ቀደዱ። የመነሻው ቀን አለፈ፤ የኖርዌዩም ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ስቫንዲስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች የእጅ ባትሪ ትይዝላቸው ነበር። ፀሐይ በማትጠልቅበት በዚያ ሰኔ፣ ክፍት በቀረው ጎን ብርሃን እየገባ የሎዋ የጎድን አጥንቶች እንደ ወርቅ ሲያበሩ፣ ሁለቱ ሰዎች የሌለ ነገር እየፈለጉ መነጋገር ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። አቶ ኦድጌር በየሰርጉ «መስታወት ጠፍቶብኝ ሚስት አገኘሁ» እያሉ ሲያስቁ፣ እሷ የምትቀላው ከዓይን አፋርነቷ ብቻ የተነሣ አልነበረም።

ሆዷ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ሎዋን መልሰው አለበሷት፤ አዲስ መስታወትም ገዙ። አዲሷን ግን ከጎን ሌላ ቅርጽ ሥለው ሰቀሏትና፣ ለአንዲት ቅርጽ ብቻ ሕጋቸውን ላልተው፣ የፊተኛይቱን ቦታ ባዶ ተዉት። ጓደኛቸው አቶ ኦርሊጉር በአብራሪዎች ክበብ ስብሰባ ሁሉ «አንተ ኦድጌር፣ ሎዋ እኮ ሴት ናት! መስታወቷን ሆዷ ውስጥ ደብቃ እየተኳለች ይሆናል!» ይሏቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ሆኖም የክበቡ አብራሪዎች የአውሮፕላኖቻቸው ደኅንነት ተቆጣጣሪ እንዲሆኑ ሁለት ጊዜ ሲመርጧቸው «የራሱን ዕቃ የጣለ የሰው ዕቃ አይቆጥርም» ብለው እምቢ አሉ። በየዓመቱ በጸደይ ምርመራም፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የጅራቷን መክደኛ አንድ ጊዜ ደግመው ይከፍታሉ፤ ስቫንዲስም ባትሪውን ትይዛለች። መስታወቲቱ በስቫንዲስ የጠመኔ ሣጥን ውስጥ ነበረች። ለሠላሳ ስምንት ጸደይ ልትነግራቸው አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋች።

ልጃቸው ብሪንያ በሎዋ በረራ ተምራ አብራሪ ሆነች። ከስድስት ዓመት ወዲህ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ቡሎኖቹን የሚያስረውን ቀጭን ሽቦ ስቫንዲስ ትጠመዝዝላቸው ጀመር፤ እሳቸውም በወንበር ተቀምጠው «ወደ ግራ፣ የኔ መምህርት፣ ወደ ግራ» ይሏት ነበር። ባለፈው ወር አልጋ ላይ ሳሉ «ዘንድሮ ጅራቷን ከፍታችሁ አያችሁ?» ብለው ጠየቋት። ልትነግራቸው እጃቸውን ያዘች፤ ያለችው ግን «አይተናል፤ የለም» ነበር። እሳቸውም «ይገኛል» አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ደመናው በመስኮቱ ሲያልፍ እያዩ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ኦርሊጉር፣ የክበቡም ወዳጆች፣ ኦድጌር በሕይወታቸው ሙሉ አንዲት ቡሎን እንኳ ጥለው አያውቁም። መስታወቷን የወሰደች ስቫንዲስ ናት። ይህን ለእሳቸው መንገር ሲገባት ለእናንተ ነገረች፤ ይህም ዕዳዋ ነው። ትናንት ከብሪንያ ጋር ሃንጋሩ ገብታ መስታወቷን በቦታዋ ሰቀለቻት። ቀዩ ቅርጽ ልክክ አላት። በሎዋም መዝገብ ላይ፣ ያምራል በተባለው ጽሕፈቷ፣ «ዕቃው ተገኝቷል፤ ሰሌዳው ሙሉ ነው» ብላ ጽፋ ፈረመች።

አቶ ኦድጌር ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ብሪንያን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ጉድኒን፣ እንዲሁም ለመነሣት የተዘጋጀችውን ሎዋን ትተው አልፈዋል። የሰማይና የምድር ጌታ ነፍሳቸውን ቤቱ ከሚሄድበት ያድርስልን፤ የሚፈልጉት ነገር አልቀረምና፣ ባትሪውን አጥፍተው በሰላም ይረፉ። አሜን።