ጠሪው ዝም ሲል

በ፳፻፰ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስመለስ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ዳባት ላይ ጎማው ፈነዳ። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ሾፌሩ ረዳቱን ከመሳደብ ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ እኔም መምህር ብሆንም ትዕግሥት አልፈጠረብኝምና ጃንጥላዬን ዘርግቼ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ።

እዚያ ደባርቅ ያስተማርኋትን መስከረምን አገኘኋት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምህንድስና ተምራ ተመልሳለች። ጠረጴዛዋ ላይ አጫጭር አንቴና ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉ። ፊት ለፊቷ የመንደሯ ደብር አለቃ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልሜ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ከዳባት በታች ገበያተኛ የሚሻገርበት መልካ አለ። ድልድይ የለውም። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ደራሽ ውሃ የሚመጣው ሳይታሰብ ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ አፋፉ ላይ ጠሪ ይቆማል። ወንዙ ሲሞላ ጠሪው ይጮኻል፤ ታች ያለው ሰው ይቆማል። ጠሪው ዝም ካለ ይሻገራል።

ጠሪው የመስከረም አባት ደርቤ ነበር። አምና ክረምት የቄሱ ልጅ ሸጊቱ መልካው ዳር ቆማ አዳመጠች፤ ድምፅ አልሰማችምና ገባች። ውሃው ወሰዳት። ደርቤ ‹ጠርቻለሁ› ብሎ ቢምልም የሚያምነው አልተገኘም። ቄሱ ገዘቱት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አይሳለምም፤ ጎረቤት እሳት አይሰጠውም፤ ቢሞት የሚቀብረው የለም። እሱ ደግሞ ታሞ ተኝቷል። ሐዘን ሰውን እንዲህ ሲያስጨክነው አይቼ አላውቅም።

«አባታችን፣ ለአባቴ ምሕረት ልለምን አልመጣሁም» አለች መስከረም። «አንዱን ሳጥን መልካው አጠገብ ባለው የደብሩ መሬት ላይ እንድተክለው ይፍቀዱልኝ ነው የምለው።»

«እኮ ሰው ያልቻለውን ፕላስቲክ ሊችለው?»

«ሌላው ሳጥን ከመልካው በላይ ወንዙ ዳር ሆኖ የውሃውን ከፍታ ይለካል። ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተርና ራዲዮ አለ። ራዲዮው የተገዛ ዕቃ ነው፤ በራሱ አያስብም። መቼ እንዲነቃ፣ መቼ እንዲናገር፣ ካልተሰማም ጉልበቱን ጨምሮ እንዲደግም የሚያዘው እኔ የጻፍሁት ፕሮግራም ነው። የመልካው ሳጥን ደግሞ ያዳምጠዋል።»

«ልክ እንደ ጠሪው በይኛ! ጠሪማ ነበረን፤ አየነው።»

እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ፤ ሆኖም የካህን ቃል መሐል መግባት አልደፈርሁም።

«በረዶ ቢወርድበትስ?» አሉ ቄሱ። «መብረቅ ቢመታውስ? ባትሪው ቢያልቅስ?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር። ማሽን የሚመርቁልን ባለሥልጣናት እንዲህ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ይበላሻል፣ አባታችን። አንድ ቀን በእርግጥ ይበላሻል።»

«ታዲያ ደግሞ የማንን ልጅ ለውሃ ልትሰጪ ነው?»

መስከረም አንዱን ሳጥን አንሥታ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ይህን ይዘው ከመንገዱ ማዶ ይሂዱና ባትሪውን ይንቀሉልኝ።»

በዝናብ ወጥቼ ተሻገርሁ። ባትሪውን ነቀልሁት። ጥቂት ቆይቶ ከሻይ ቤቱ የሚሰቀጥጥ ጩኸት ተነሣ፤ ደጅ የታሰሩት አህዮች ደነበሩ። ስመለስ ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ቆመዋል።

«ምን አለ? ውሃ መጣ አለ?»

«ምንም አልተባለም። ባልንጀራው ዝም ስላለ ነው የጮኸው» አለች ጩኸቱን እያጠፋች። «መጀመሪያ ስሠራው ውሃ ሲሞላ ብቻ እንዲናገር አድርጌ ጽፌው ነበር። ወንዝ ዳር ስሞክረው ጭቃ ገብቶበት ሞተ። እኔ ግን ዝም ብሏልና ውሃው ጎድሏል ብዬ ገባሁ። ቁጥቋጦ ይዤ ነው የተረፍሁት። አሁን የላይኛው፣ ውሃው እስካልሞላ ድረስ፣ ሳያሰልስ ‹ደህና ነው፣ ደህና ነው› ይላል። ይህ ቃል ሲቋረጥ፣ ውሃ ይምጣ፣ ባትሪ ይለቅ፣ መብረቅ ይምታው፣ የታችኛው ጮኾ ሰው ያስቆማል። ስለ ውሃው የማያውቅ ሳጥን ‹እለፉ› አይልም።»

ቄሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሸጊቱ የሄደች ዕለት በረዶ ነበር» አሉ። «ቆርቆሮዬ ላይ ሲወርድ አጠገቤ ያለችውን ባለቤቴን እንኳ አልሰማኋትም።»

«አዎን፣ አባታችን።»

«ደርቤ ቢጮኽስ ማን ይሰማዋል?»

የመስከረም እንባ ወረደ።

«‹ድምፅ ካልሰማሽ እለፊ› እያልሁ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አሉ ቄሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሳጥኑ አልተከራከሩም። ዝናቡ ሳያባራ ተነሡ፤ እኔም አውቶቡሱን ትቼ ተከተልኋቸው።

ደርቤ ቤቱ ውስጥ መደብ ላይ ተኝቷል። ቄሱን ሲያይ የተገዘተ ሰው እንዳያዩ ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እሳቸው ጋቢውን ገለጡና መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ።»

«ያን ቀን ጠርቼ ነበር፣ አባ» አለ ደርቤ።

«ጠርተሃል። አሁን አንተም እኔን ፍታኝ።»

ደርቤ እጃቸውን ይዞ አለቀሰ። ክረምቱን አልዘለቀም፤ ነገር ግን በደብሩ ቅጥር በካህናት ጸሎት ተቀበረ። የቀብሩ ዕለት መልካው ዳር ሳጥኑ ተተክሎ ነበር። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ሕዝቡ ሳይበተን ተናገሩ።

«አባቶቻችን ጠሪ ያቆሙት ለእኛ አስበው ነው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ዝምታን ደህና ነው አሉ። ከእንግዲህ ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። ይህን ብትጠብቁ በጭጋግም በበረዶም ልጆቻችሁ ከገበያ ይመለሳሉ፤ በሽተኛችሁ ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ ውሃ ለሠራው ጥፋትም ሰው አትገዝቱም። ሳጥኑንም መስከረም ታስተምራችሁና ተራ ገብታችሁ ትጠብቁታላችሁ።»

ቅቤ ነጋዴዋ እሌኒ ከሴቶቹ መካከል ድምፅዋን አሰማች። «አባታችን፣ ሳጥኑ በከንቱ ቢጮኽስ? ውሃ ሳይመጣ ቆመን ገበያው ቢበተንብንስ?»

«ይበተን» አሉ። «ሸጊቱ ያን ቀን በከንቱ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ አጠገብሽ ሆና እንዳንቺው ታጉረመርምብኝ ነበር።»