ይግባኝ ወደ ወልዲያ

ሀስና ለጎብዬ ገበያ ከቆቦ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ከፊቷ ማን እንደተቀመጠ ያየችው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፤ የመስኖ ማኅበራቸው ሊቀመንበር፣ ከነባለቤታቸው። አባላቱ «ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ ማንም አይመራም» ብለው መተዳደሪያ ደንቡን በድምፅ ካሻሻሉ ወዲህ ሰውዬው ከፍርድ ቤት ደጅ አልጠፉም። «መሬቱ በሟች ባሎቻቸው ስም ነውና የመበለቶች ድምፅ ይሰረዝ» አሉ። ክሱ ውድቅ ቢሆንባቸው ይኸው ለይግባኝ ወደ ወልዲያ ይሄዳሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ወንበሩም የውሃው ተራም በእጃቸው ነው።

የሀስና ባል ኑሀ አምና ነው የሞተው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አጠገቧ ወዳለችው ጎረቤቷ ዞረች።

«መቅደስዬ፣ የዘንድሮስ ሙቀት ጉድ አይደል? ማሽላሽ ደህና ነው? ተመስገን በይ። የኔ ሽንኩርትማ ተራውን ሲጠብቅ... አረፈ። ምን ይደረግ፣ ውሃው ክስ ላይ ነው! አንዳንዱን ማሳ ግን አላህ ይወደዋል መሰል፣ ክስም አያደርቀው...

«አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ እንደሳቸው ያለ ሕግ አክባሪ አላየሁም። ሌላው ሲሸነፍ ይሳደባል። እሳቸው እቴ! ሲመሩበት ያልገለጡትን ደንብ ከተሸነፉ ወዲህ በቃላቸው ያዙት። ወንበር ይወዳሉ የሚሉ አሉ... ሐሜተኛ ሁላ! ወንበሩ አይደል እንዴ እሳቸውን ወዶ አልላቀቅ ያለው? ሲሾም ያልጠጣ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እሳቸው ምን ይቆጫቸዋል?

«አዛኝነታቸውስ! መበለት ለምን እጅ በማውጣት ትድከም ብለው እኮ ነው። ኑሀ እያለ እጄን ሳወጣ ይቆጠር ነበር። ለካ ሲቀብሩት የኔንም እጅ አብረው ቀብረውት ኖሯል... የሞተ ባል ከፍርድ ቤት አያስጥልም፣ መቅደስዬ። ታዲያ ያን ሁሉ ሽንኩርት የኮተኮትኩት በማን እጅ ይሆን?»

ሰውዬው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ጎብዬ ሲደርሱ ሀስና ወረደች። ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ በሩን ሳትዘጋ ፈገግ አለች።

«በይ መቅደስዬ፣ አሚን በይ። አላህ ለኚያ ደግ ሰው ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ ይግባኛቸውንም ያቅናላቸው። እሳቸውን አስቀድሞ ሚስታቸውን መበለት አያድርግብን... ምስኪን፣ በማን ድምፅ ታለቅስላቸዋለች?»