የጋሼ እንድሪስ ማዞርና የኦቦ ነመራ ዓይን

በገበያ ቀን ሁሩሙ ላይ ወደ መቱ የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ጎረቤቴን ጋሼ እንድሪስን ገመድ ሻጭ ዘንድ አየኋቸው። ከላይ ከተሰቀሉት ገመዶች ረጅሙን ለመምረጥ ቀና ሲሉ ተንገዳገዱና የሱቁን ምሰሶ አቀፉት። ሮጬ ደገፍኳቸው፤ አጠገባችን ካለው ሻይ ቤትም አስቀመጥኳቸው። የድሮ ተማሪዬ ጃለኔ፣ ዛሬ መቱ ውስጥ የጤና መኮንን የሆነችው፣ ከገበያው መሃል አይታን መጣች።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«ምንም አይደል ልጄ። የሰው ዓይን ነው፤ አሁን ይለቀኛል።»

«የማን ዓይን?» አልኩ እኔ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰው ነገር ጣልቃ ካልገባሁ የበላሁት አይረጋልኝም።

«የነመራ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ክው አልኩ! ኦቦ ነመራ እኮ፣ ጋሼ እንድሪስ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ቀፎ የሚሰቅሉበት ዛፍ አጥተው ቢያዩአቸው ቀረሮ የሚባለውን የገዛ ረጅም ዛፋቸውን የሰጧቸው ጎረቤት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጋሼ እንድሪስ ይወጣሉ፣ ኦቦ ነመራ ከሥር ገመዱን ይይዛሉ፤ ማሩን እኩል ይካፈላሉ።

«ከሁለት ወር በፊት ዛፉ ሥር ቆመን ወደ ቀፎው ቀና ስል መሬቱ እንደ ወፍጮ ዞረብኝ። ዞር ብዬ ባይ ነመራ ትኩር ብሎ ያየኛል። በሳምንቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ነገ በራሴ ገመድ ብቻዬን እወጣለሁ።»

«ብቻዎን? ያንን ዛፍ? ኧረ በፈጠረዎት! ሲያዞርዎ ማን ሊይዝዎ ነው?»

«እሱ ከሌለ ምን ያዞረኛል መምህር?»

ጃለኔ ግን እንደ እኔ አልጮኸችም። ረጋ ብላ ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡስ ያዞርዎታል?»

«በቀኝ ጎኔ ስዞር፣ አዎ። ቤቱ ትንሽ ይዞርና ይቆማል።»

«ሲሰግዱስ?»

«ስጎነበስ ይብሳል። ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳው።»

«ታዲያ ኦቦ ነመራ አልጋዎ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም፤ ሻይ ብርጭቋቸውን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ የምጠረጥረው ጆሮዎን ነው» አለች።

«ጆሮዬን? ጆሮ ለመስማት ነው፤ ከእግሬ ምን አገናኘው? ደግሞ እኔ ደህና እሰማለሁ።»

«ጆሮ ሁለት ሥራ አለው ጋሼ። ድምፅ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፤ ከታምቡሩ ኋላ ያሉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ድምፁን ተቀባብለው እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ተጠቀለለው የውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። ነርቭ ደግሞ ከዚያ ወደ አንጎል ይወስደዋል። አንደኛው ሥራ ይህ ነው። እዚያው አጠገቡ ውሃ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው።»

እኔ ጉደኛው ሠላሳ ዓመት ያንን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ፣ ጎረቤቴ መሬት ሲዞርበት አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አፈርኩ።

ጃለኔ ውሃ በብርጭቆ አስመጥታ ቁራጭ ገለባ ጣል አደረገችበት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረች ቆየችና ድንገት ያዘችው።

«ብርጭቆው ቆሟል። ገለባውስ?»

«እየዞረ ነው» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«ውሃው ስላልቆመ ነው። አሁን በጆሮዎ ቱቦ ውስጥ፣ ከቦታዋ የተነቀለች ከአሸዋ የምታንስ ደቃቅ ነገር ገብታ ውሃውን ታንቀሳቅሰው ይሆናል። ቀና ሲሉ፣ ሲጎነበሱ፣ ሲገላበጡ እርስዎ ቆመው እንኳ ጆሮዎ “ዞረ” ይላል። ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሳልመረምር አልምልም። ግን ዛሬውኑ ይምጡ፤ ማሩ ነገ ከዛፉ አይሸሽም።»

ጋሼ እንድሪስ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው «እንሂድ» አሉ። ገመዱንም ሳይገዙ ተውት።

መቱ ስንደርስ ጃለኔ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ወስዳ መረመረቻቸው። ከዚያም አልጋ ላይ አጋድማ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ አዞረችው። «ያዙኝ! ያዙኝ!» ብለው ክንዴን ጨመደዱት። «ደቃቋን ነገር ከቱቦው እያስወጣኋት ነው» ብላ ቀስ እያለች ወደ ግራ፣ ቀጥሎም በጎን አዞረቻቸው። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ኋላ ተቀምጠው ጣራውን ቀና ብለው አዩ፤ ደግመው አዩ። ምንም አላዞራቸውም። ይደሰታሉ ስል ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«ነመራን እንዴት በደልኩት መምህር!»

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ኦቦ ነመራ አጥር ሲያጥሩ አገኘናቸው።

«ነመራ፣ የጆሮዬን ጥፋት ባንተ ዓይን ለጠፍኩት። አፉ በለኝ» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

«ያኔውኑ ሰምቻለሁ። ሚስትህ ለሚስቴ ነግራታለች።»

«ሰምተህ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እኔም እውነት መሰለኝ። ባየው ይወድቅብኛል ብዬ፣ እንዳላይህ ሁለት ወር ሙሉ በወንዙ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው።»

በዚያ በሚያማቸው ጉልበት! ያ መንገድ ዳገት ነው። ጋሼ እንድሪስ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ።

እኔ ምክር ማብዛት ልማዴ ነውና ያን ቀን ለሁለቱም ተናገርኩ፤ ለእናንተም ልናገር። ጆሮ በክብሪት እንጨት አይጎረጎርም፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርትም አይጨመርበትም። መስማት ሲያንስ ወይም መሬት ሲዞር መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሐኪም ነው። እንዲህ ያደረገ ከመውደቅ ይድናል፣ ሶላቱን ግድግዳ ሳይደገፍ ይሰግዳል፤ ወዳጁንም በከንቱ አይከስም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጃለኔ ደግማ አይታቸው «ይችላሉ» ስላለች ወደ ቀረሮው ሄድን። ኦቦ ነመራ ገመዱን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሱም። ጋሼ እንድሪስ ጥቂት ወጥተው ቆሙ።

«ነመራ! ቀና በል እንጂ! አንተ ካላየኸኝ አልወጣም።»

ኦቦ ነመራ ቀና አሉ።